ያልደረቀ ቫርኒሽ

ሌሊት የጀመረው ዝናቡ አላባራም፣
ሄርማታ ጭቃ ነው፣ ባጃጅም አይገባም፣
ሳጥኔን ተሸክሜ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ
ከጠራቢዎች ደጅ ደረስኩኝ ተጉዤ።

ሰው ቀድሞኛል። ሁልጊዜም ሰው ይቀድመኛል፦
በሩን የዳሰሰ፣
ሬሳ አይራቆትም ብሎ ጋቢውን ያለበሰ፣
ከንፈሩን እየመጠጠ ዱካውን የደመሰሰ፣
ከእኔ በፊት አይቶ፣ ፈርዶ የጨረሰ።

ዘበኛው አባመጫ በሰጋቱራው ላይ
በግንባሩ ተደፍቷል፣
ኮፍያው ከራሱ ሁለት ክንድ ርቋል፣
ባትሪው እንደበራ ነው፤ ብርሃኑ ግን ደክሟል።

«ነስሩ ነው! ትናንትና ተጣልተው ነበር!
ቁልፉ ያለው እሱ ጋ፣ ሌላ ማን ሊደፍር!»
ሃምሳ ጣት ተቀስሯል ወደ አንድ ለማጅ ፊት፣
ሃምሳ ጣት፣
ሃምሳ እርግጠኝነት።

ድሮ ቢሆን አገሩ አውጫጭኝ ተጠርቶ
ይታጎር ነበረ ሥራውን ፈትቶ፤
ሌባ ሻይ ያጠጡት ሕፃን ተንገዳግዶ
ከወደቀበት ደጅ ባለቤቱን ማግዶ
ነገር ያበቃ ነበር።
ዛሬ የሚጠብቁት እኔ እንድወድቅ ነው፣
ነስሩ ደጃፍ ላይ።

እኔ ግን ተንበረከክሁ።

ሃያ ሦስት በርጩማ በተራ ቆሟል፣
ከአንድ አንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ማታ የተቀባ፣
ቫርኒሹ በእርጥበቱ ሳይደርቅ አድሯል።
ከበሩ ሦስተኛውን
ሲወጣ ይሁን ሲገባ፣ አንድ ሰው ተደግፎታል።

እዚያ፣ በመቀመጫው ጠርዝ፣ አንድ አውራ ጣት አለ።
እንደ አራሽ ትልም የተሰመረ፣
ትልሙ እየዞረ፣ እየጠበበ የሄደ፣
እንደ አዌቱ አዙሪት ወደ ራሱ የወረደ፤
መሐሉን ደግሞ ጠባሳ
ከዳር እስከ ዳር እንደ ድንበር አቋርጦታል።

ብናኝ አልነሰነስኩም። ቫርኒሹ ራሱ ጽፎታል።
ማስመሪያ አስጠግቼ ሦስቴ ፎቶ አነሳሁ፣
ትንፋሼን ውጬ።

«ጣትህን አምጣ» አልኩት ነስሩን።
የታሰረ ነውና ሁለቱንም እጅ ሰጠኝ።
ቀለም ቀባሁ፣ ከወረቀቱ ላይ አንከባለልኩ፣
ምንም።
ደገምኩ።
ምንም። ጥቁር ጠብታ ብቻ፣ መስመር የሌለው።
አራት ዓመት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት
ዋንዛውን ሲያለሰልስ፣ ዋንዛው እሱን አለስልሶት፣
ስሙን ከጣቱ ላይ ፍቆ ወስዶበት።

የጣቢያውን መዝገብ ገለጥኩ፣ ሌሊት በሻማ ጭምር፣
ጠባሳ ያቋረጠው አንድም አልነበር።
«በሉ እስቲ» ብዬ ሃምሳዎቹን ጠራሁ፣
«የቀሰራችሁትን አምጡት።»
አሥራ አንዱ መጡ፤ ንጹሕ ነበር ጣታቸው።
የቀሩት ሥራ በዛባቸው።

«እሱ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ።
ሁለት ቃል ነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።
ነስሩ ተፈታ። ማንም ይቅርታ አላለው፣
እኔም አላልኩት፤ ቅፁ ላይ ቦታ የለውም።

በነጋታው አዴ ዘምዘም መጣች፣
ሻሿ ከዝናቡ ረጥቦ፣ ከበሩ ሳትገባ ቆመች።
«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «እሱ አይደለም አልሽ።
እሺ። አምኜሻለሁ።
ታዲያ ማን ነው ባሌን?»

ሳጥኔ ውስጥ ብሩሽ አለኝ፣ መቆንጠጫ አለኝ፣
ለፀጉር፣ ለክር፣ ለጥፍር ሥር አፈር
ለየብቻው ፖስታ አለኝ።
ዝም አልኩ። ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

በርጩማው ኤግዚቢት ክፍል ነው፣ ቁጥር ታስሮበታል፣
ማንም አይቀመጥበትም፤ አቧራ ተቀምጦበታል።
እኔም ከዚያ ወዲህ
መልስ የሚቆጥርልኝ የባጃጅ ሾፌር፣
አቮካዶ የሚመዝንልኝ ነጋዴ፣
ከፊታቸው በፊት አውራ ጣታቸውን አያለሁ።

በአርባኛው ቀን ሐዘን ቤት ሄድኩ።
ሼሁ ዱአ ጀመሩ፣
ሰዉ ሁሉ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ፣
«አሚን» ይላሉ፣
«አሚን»።

እኔ ጣት እቆጥራለሁ።